አሥረኛው መዳፍ

መተሐራ ውስጥ ሰው ሲጨብጥ እጅ ቶሎ አይለቅም። ዐይኑን ወደ ሌላ ነገር ጣል አድርጎ፣ ስለ ሙቀቱ ወይም ስለ ሐይቁ እያወራ፣ አውራ ጣቱን በሌላው እጅ ጀርባ ላይ ያሳርፍና ትንሽ ይቆያል። ትኩሳት የሚፈለገው እንደዚህ ነው። «ደኅና ነህ?» ሲባሉ «ተመስገን» ብሎ ማለፍ የድሮ ሰው ልማድ ሆኗል፤ ዛሬ ጠያቂው መልሱን ከልቡ ይጠብቃል። «ኧረ ቁስል ቢጤ አለችኝ» ላለ ሰው ወዲያው ወንበር ይሳብለታል፣ ውሃ ይቀርብለታል። ስሙና ሰፈሩም ሳይመሽ ከተማውን ያዳርሳል።

ኤልዳና በዚህ የታወቀች ናት። አውራ ጎዳናው ዳር ጎሚስታ ቤት አላት። ሾፌር የሌላቸው የጭነት መኪኖች ጎማቸው ሲተነፍስ ራሳቸው መጥተው ደጇ ይቆማሉ፤ እሷም እየሰደበች ትጠግናቸዋለች። የሚያፈተልክ አየር ለማግኘት ጎማውን ውሃ ውስጥ መንከር አያስፈልጋትም። መዳፏን ዙሪያውን ታስኬድና «እዚህ ጋ» ትላለች፤ በጠመኔ ታከብበዋለች። ስታ አታውቅም።

አሁን በጠመኔ ያከበበችው የባሏን እግር ነው። ሮቤል የአገዳ ማጨጃ ማሽን ሲያጸዳ ባቱን ተሸረከተ፤ ቁስሉም አመረቀዘ። ቅላቱ ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ በደረሰበት ሁሉ መስመር ታሰምርለት ነበር። ጠዋት ስታየው ቅላቱ የማታውን መስመር አልፎ ጉልበቱ ሥር ደርሷል።

መድኃኒቱ አለ። መኖሩን ከተማው በሙሉ በዐይኑ ያየዋል። ፋርማሲው መስኮት ላይ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ መብራት በርቶለት ተቀምጧል፦ አንድ ትልቅ ጠርሙስ፣ ከታቹ ነጭ ዱቄት፣ ከአፉ ጎማ ክዳን፣ ከጎማው በላይ የአሉሚኒየም ቆብ። ሆዱን ዙሪያውን ልጣፍ ይዞታል። ልጣፉ ሰው ሲቀርብ ይናገራል፤ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአፋርኛ።

«ለፋርማሲ አገልግሎት ብቻ። በቀጥታ ለሕመምተኛ አይሰጥም። የአሥር ሰው መጠን ነው። ዘጠኝ ይዣለሁ። አንድ ይቀራል።»

ጎማው አንድ ጊዜ በመርፌ ከተበሳ መድኃኒቱ አያድርም። የተረፈውን መድፋት ደግሞ ሰው የሚያሳስር ወንጀል ነው። ስለዚህ አሥር የታመመ መዳፍ መስታወቱ ላይ ካላረፈ ልጣፉ ቆቡን አይለቅም። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ብልቃጥ እንደነበረ ሽማግሌዎች ያወራሉ፤ ወጣቶች ደግሞ በትዕግሥት ያዳምጧቸዋል። በቀደም አንዱ መዳፉን ምድጃ ላይ አሙቆ መጥቶ ነበር። ልጣፉ «ጤነኛ» አለው፤ ከዚያ ወዲህ የዚያን ሰውዬ መዳፍ አይቀበለውም። አሁን ቢታመም ምን እንደሚሆን ማንም አንሥቶ አያውቅም።

ኤልዳና ዘጠነኛ ሆኖ የተመዘገበውን ሮቤልን ጎማ በምትገፋበት ጋሪ ላይ አስተኝታ ወደ ፋርማሲው ወሰደችው። ቆቡ ሲለቀቅ በቦታው ያልተገኘ ሰው ተራው ስለሚሰረዝ የተመዘገቡት ሕመምተኞች ጠዋት ጠዋት ደጁ ካለው ዳስ ሥር ተሰብስበው ይውላሉ። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት እማማ ሶልያና ናቸው። እሾህ የወጋው እግራቸው እንደ ዱባ አብጧል፤ አፋቸውን ግን ምንም አልነካውም።

«ጎማ ገፊዋ መጣች» አሉ። «ዛሬስ ማንን ጨብጠሽ መጣሽ?»

«ያልጨበጥኩት የለም፣ እማማ። ሁሉም እንደ እንቁራሪት ቀዝቅዟል።»

«ምን ያለ ከተማ ነው። ስትፈልጊው አንድ በሽተኛ የማይገኝበት።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሮቤልም ከጋሪው ላይ ትንሽ ሳቀ፤ ከንፈሩ ግን ደርቆ ነበር።

የፋርማሲው ሠራተኛ ኢክራም በመስኮቱ አንገቷን ብቅ አደረገች። ገና ወጣት ናት፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ይላታል። «እትዬ ኤልዳና፣ ሰብሳቢው መኪና ዛሬ ይመጣል» አለች ቀስ ብላ። «ያልሞላ ጠርሙስ ወደ አዳማ ይመለሳል።»

«ማን አለ?»

ኢክራም መልስ ከመስጠቷ በፊት ልጣፉ መለሰ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልሞላሁ እመለሳለሁ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ» አለችው ኤልዳና። ወደ ኢክራም ዞረች። «ወደ አዋሽ ብወስደውስ?»

«የአዋሹ ሁለት ሰው ብቻ ነው የያዘው። ደግሞ እዚህ የተመዘገበ መዳፍ እዚያ አይሠራም።»

ኤልዳና የሮቤልን ግንባር በእጇ ነካች። የእሳት ዳር ድንጋይ ይመስል ነበር። «እስከ ምሽት አመጣልሻለሁ» አለች።

«ማንን?»

«ያለውን ነዋ።»

እውነቱን ለመናገር ማንን እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ ጠርጥራለች። ናኦል ነው። የሐይቁን ውሃ የሚስቡት ፓምፖች ጠባቂ ነው። አሮጌው ከተማ ከነመናኸሪያው ሐይቁ ሥር ከገባ ወዲህ አዲሱ ከተማ በነዚያ ፓምፖች ይኖራል። የናኦል ልጅ ጂሎ ከኤልዳና ልጅ ከስንዱ ጋር ታጭቷል፤ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ዘመድ የታመመ ሲኖር ቀድሞ የሚመጣ ነው። ናኦል ግን በጂሎ እጅ ወተት ልኮ ራሱ ቀረ። ቆይቶ አሁንም ወተት ላከ፤ አሁንም ቀረ።

ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ጋቢ ደርቦ ቆሞ አገኘችው። ልጆቹ ከታጩ ወዲህ አንተ አንቺ መባባል ትተው አንቱ ተባብለዋል፤ ለሁለቱም ገና አልለመደላቸውም።

«ጋቢ ለብሰዋል» አለች። «በዚህ ሙቀት?»

«ትንሽ በረድ አለኝ።»

«እዚህ ቤት እንቁላል ቢያስቀምጡ ይበስላል። እርስዎን በረደዎት።»

«የሮቤል እግር እንዴት ነው?» አለ ናኦል።

«መጥተው ቢጠይቁት ይነግርዎት ነበር። እስቲ እጅዎን ይስጡኝ።»

«ቅባት ነክቶታል።»

«እኔም ጎሚስታ ነኝ።»

ናኦል እጁን አላወጣም። ኤልዳና የጋቢውን ጫፍ ራሷ ገለጠችው። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጣቶቹ ካለ ልክ አብጠው ቆዳቸው ያብረቀርቃል፤ ከጨርቁ ሥር አንዲት ቀይ መስመር ወጥታ ወደ ክንዱ ሄዳለች። መዳፏን አሳረፈችበት። እንዲህ ያለ ትኩሳት ለማግኘት ከተማውን በሙሉ ስትጨብጥ ነው የከረመችው።

«ምን ነካህ?» አለች። አንቱታው ሳታስበው ጠፋ።

«የፓምፑ ምላጭ።»

«እዚያ ዘጠኝ ሰው ቁጭ ብሎ አንተን ይጠብቃል። ባሌ ጋሪ ላይ ተኝቷል።»

«አውቃለሁ፣ ኤልዳና። የማላውቅ ይመስልሻል?»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ልጆቹን ወንድምና እኅት ላድርጋቸው?»

ከአንድ ጠርሙስ የወጡ ሰዎች ዘመድ ናቸው። ሕግ ላይ የለም፤ ልጣፉም አያውቀውም። የተጀመረው ቆቡ ሲለቀቅ ነው። ልጣፉ አሥሩን ስም በተከታታይ ይጠራል፤ ድሮ አንድ ሰው፣ ምናልባት ፈርቶ፣ «አሜን» አለ። በሚቀጥለው ጠርሙስ ሁሉም አሜን አሉ። ቀስ በቀስ እርስ በርስ ለቅሶ መድረስ መጣ፤ ከዚያ አለመካሰስ፤ ከዚያ ልጆቻቸውን አለማጋባት። አምና የሠርግ ድንኳን ከተተከለ በኋላ የሙሽሮቹ አባቶች ስም በአንድ ጠርሙስ ተጠራ። ድንኳኑ ፈረሰ። ልጅቷ ዛሬ ልጁን ገበያ ላይ ስታገኘው «ወንድሜ» ትለዋለች፤ እሱም «እኅቴ» ይላታል። የሚስቅባቸው የለም።

«ጂሎ እጄን ቢያይ ራሱ ተሸክሞ ይወስደኛል» አለ ናኦል። «ስለዚህ አላሳየሁትም። የሚቀጥለው ጠርሙስ እስኪመጣ እችለዋለሁ።»

«አንተ ትችል ይሆናል። እጅህ አይችልም።»

«ሌላ እጅ አለኝ።»

ይህን ያለው ለቀልድ አልነበረም። ኤልዳና አየችው። ሰውየው ቆርጧል፤ ልትለምነው ብትንበረከክ አብሯት ይንበረከካል እንጂ አይንቀሳቀስም። እሷ ደግሞ ጎማ ለምና አታውቅም። ቀዳዳው የት እንደሆነ ትፈልጋለች። ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሐሳቧን በነገሩ ዙሪያ ታስኬድ ጀመር። ፓምፖቹ ከኋላቸው ያጉረመርማሉ።

«ሐይቁ የሞላ ጊዜ እኔና ሮቤል ሁለታችንም ታመን አልነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ነበር።»

«ከአንድ ጠርሙስ ነው የተወጋነው። ስማችን ተከታትሎ ተጠራ። አሜን ብያለሁ፤ አንተም ቆመህ ሰምተሃል። ታዲያ እኅቱ ሆንኩ? ሽማግሌ መጥቶ ፈታን?»

«እናንተማ ቀድማችሁ ተጋብታችኋል» አለ ናኦል ወዲያው።

ከተናገረው በኋላ ነው የሰማው።

«ቀድመን» አለች ኤልዳና፤ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ሠርጉ እኮ ጥር ነው። ሰንጋው አልተገዛ፣ ዘመድ አልተጠራ…»

«ድግሱ ጥር ነው። ሠርጉ ዛሬ ነው።»

ስልኳን አውጥታ ልጇን ጠራቻት። ስንዱ የመኪና ጎማ እየፈታች ነበር፤ የብረቱ ድምፅ ይሰማል።

«ስንዱ፣ ዛሬ ታገቢያለሽ?»

ብረቱ ዝም አለ። «ዛሬ? እጄ በሙሉ ግራሶ ነው፣ እማዬ።»

«ታጠቢያ።»

«ማንን ነው የማገባው?»

«ያንኑ ነው። ነገሩን ስትመጪ እነግርሻለሁ። ካልወደድሽው ይቀራል።»

ስንዱ ትንሽ አሰበች። «መኪናውን ጎማ አልባ ጥዬው ልምጣ?»

«እሱ ምን ቸገረው፤ የሚጠብቀው ሰው የለ።»

ፋርማሲው ደጅ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ፈንታሌ ተራራ አዘንብላ ነበር። ጂሎ ተጠርቶ መጥቶ የአባቱን እጅ ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ። ስንዱ ነገሩን ከእናቷ ሰማች። ፀጉሯን በጨርቅ እንዳሰረች፣ ጥፍሯ ሥር ግራሶው እንዳለ፣ ወደ ጂሎ ሄዳ «ታዲያ ምን ትላለህ?» አለችው።

«ጥር ሩቅ ነው ስል አልነበር?» አለ ጂሎ።

ናኦል ግን መስታወቱን አልቀረበም። «በወግ ይሁን» አለ። «ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ይመረቁ። ያልተመረቀ ጋብቻ ነገ ሰው ያፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ እጄን አኖራለሁ።»

ሽማግሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ከዳሱ ሥር ተሰብስቧል። ሮቤል የሙሽራዪቱ አባት ነው፤ የቀሩት ስምንቱ አግዳሚ ወንበሩን አስተካክለው፣ ያበጠ እግራቸውንና የታሰረ ክንዳቸውን እንደምንም ሰብስበው ተቀመጡ። ስንዱና ጂሎ ፊታቸው በርከክ አሉ። ኢክራምም መስኮቱን ከፍታ ቆመች።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ሌላ አገር ይሆናል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

«እማማ ይጀምሩ» አለ አንዱ።

«ኧረ እኔ ሴት ወይዘሮ» አሉ እማማ ሶልያና። «ሐጂ እያሉ? ሐጂ ይቅደሙ።»

«እርስዎ ይበልጡኛል፣ እማማ» አሉ ሐጂ። እውነትም ይበልጧቸዋል። «እኔ ደግሞ እንግዳ ነኝ፤ የመጣሁት ከገዋኔ ነው። የአገሩ ሰው ይቅደም።»

«እንግዳማ ይቀድማል እንጂ። ነውር አይደለም እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም። አስተማሪው ይሁኑ።»

«እኔ? እናንተ ትላልቆቹ ቁጭ ብላችሁ?» አለ አስተማሪው፤ ጭራሽ ከወንበሩ ተነሣ። እሱ ሲነሣ ከጎኑ ያሉት «ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ» እያሉ ተነሡ። ሐጂም ተነሡ። እማማ ሶልያና በዚያ እግራቸው ለመነሣት ሲታገሉ ሁለት ሰው ደግፎ መልሶ አስቀመጣቸው። ሁሉም ትኩሳት አለበት፤ ሁሉም ያን መድኃኒት ይፈልጋል። ግን ሰው ፊት ቀድሞ አፉን የሚከፍት ጠፋ።

በዚህ መሐል ሰብሳቢው መኪና መጣ። ድምፅ የለውም፤ ሾፌርም የለውም። ደጁ ላይ ቆመ። የኋላ በሩ ራሱን ከፈተ፤ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወጥቶ የሰዎቹን እግር ነካ።

«ልመለስ ነው» አለ ልጣፉ። «አንድ ይቀራል።»

«እርስዎ ይቅደሙ» አሉ ሐጂ፣ አሁንም።

ሮቤል ጋሪው ላይ ዐይኑን ጨፍኗል። ኤልዳና በጠመኔ ያሰመረችው ጠዋት ነው፤ ቅላቱ መስመሩን ይዞ ቆሟል ወይስ አልፏል ብላ ዝቅ ብላ አየች። አልፏል። ቀና አለች።

«ስሙኝ» አለች። ጮኻ አይደለም፤ መኪናዎቿን በምታዝበት ድምፅ ነው። «ማንም አይቅደም። ሁላችሁም ባንድ ጊዜ መርቁ። አሁን።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም፤ ነውር ነው የሚል ግን አልተገኘም። ስምንቱም ባንድ ጊዜ ጀመሩ፤ ሮቤልም ዐይኑን ሳይገልጥ ተቀላቀለ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ ሐጂ በአፋርኛ። ልጅ ይውጣላችሁ፣ እርጅና ያገናኛችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ የሚለው ሁሉ እንደ ዝናብ ተደባልቆ ወረደ። ማን ምን እንዳለ የለየ የለም። አሜን ግን በአንድ አፍ ነው የተባለው።

«ተጋቡ» አሉ እማማ ሶልያና ትንፋሽ አጥሯቸው። «በል አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አምጣ።»

ናኦል ጨርቁን ፈታና መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ልጣፉ ዝም አለ። ጂሎ የስንዱን እጅ ጭብጥ አድርጎ ያዘ።

«ተቀብያለሁ» አለ ልጣፉ። «አሥር።»

ቆቡ ቀጭ ብሎ ተለቀቀ። መኪናው የኋላ በሩን ዘጋና እንዳመጣጡ ያለ ድምፅ ሄደ። ልጣፉ ስሞቹን ጠራ። የሮቤል ስም ዘጠነኛ፣ የናኦል አሥረኛ ሆነ፤ ሁለቱም አሜን አሉ፤ ልጆቻቸው ግን ባልና ሚስት ነበሩ።

ኢክራም እጇን ታጥባ የመድኃኒቱን መበጥበጫ ውሃ በጎማው ክዳን በኩል በመርፌ ጨመረች፣ ዱቄቱ ሟሙቶ እስኪጠራ ናጠችው፣ ከዚያ በየመርፌው ቀዳችው። ጎማው እንደተበሳ አረንጓዴ የነበረው ልጣፍ ቢጫ መሆን ጀመረ። እያንዳንዱ መርፌ የራሱ ትንሽ ልጣፍ አለው፤ ድምፁ የልጅ ነው። ኢክራም ወደ ጋሪው ስትጠጋ መርፌው «ሮቤል» አለ። ሮቤል «አቤት» አለው።

ተራቸው ደርሶ ተወግተው ሲጨርሱ እማማ ሶልያና ሁለቱን አባቶች ተመለከቱ። «እንግዲህ እነዚህ ወንድማማች ናቸው፣ ደግሞም ልጅ የተጋቡ ናቸው። ሲጣሉ ማን ገብቶ ያስታርቃል?»

«አንጣላም» አለ ሮቤል ከጋሪው። «ወተቱን መላክ ካላቆመ።»

ናኦል ሳቀ፤ በቀኝ እጁ ዐይኑን ሊጠርግ ፈልጎ አመመውና በግራው ጠረገ።

በማግስቱ ጠዋት ቅላቱ ኤልዳና ከመርፌው በኋላ ያሰመረችውን መስመር አላለፈም። ከመስመሩ ወዲህ ነው ያለው። ደጋግማ ካየችው በኋላ ጠመኔውን ኪሷ ከታ ወደ ሥራዋ ወጣች። ያ መኪና ትናንት ጎማ አልባ እንደቀረ ቆሟል፤ ስንዱ ከሥሩ ገብታለች፣ ጂሎ ብሎን ያቀብላታል። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ስለነበር ሰው «እንኳን ደስ አላችሁ» ለማለት እየተሰለፈ ነው። አንዳንዱ ዶሮ፣ አንዳንዱ ስኳር ይዟል።

ከመንገዱ ማዶ ኢክራም ባዶውን ጠርሙስ አሽጋ አዲስ ካርቶን ፈታች፤ አዲሱን ጠርሙስ መብራቱ ሥር አቆመችው። አየሩ ገና ስላልሞቀ ድምፁ እስከ ጎሚስታ ቤቱ ይሰማል።

«የአሥር ሰው መጠን ነው። ማንንም አልያዝኩም።»

የተሰለፈው ሁሉ ወደ ፋርማሲው ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ወሬው ቀጠለ።

ስንዱ ከመኪናው ሥር ወጥታ እጇን በጨርቅ ጠረገችና እንግዶቹን መጨበጥ ጀመረች። ኤልዳና መዳፏን በጎማው ዙሪያ እያስኬደች በዐይኗ ትከተላታለች። የአንድ ሽንኩርት ነጋዴ ተራ ደረሰ።

«ትዳሩን ያሳምርላችሁ» አላት።

«አሜን። ደኅና ነህ?»

«ተመስገን።»

«ዛሬስ ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀመረ» አለች ስንዱ፤ ዐይኗን ወደ ሐይቁ ጣል አድርጋ፣ አውራ ጣቷን በእጁ ጀርባ ላይ አሳረፈች። አልለቀቀችውም።